የተሰረዘው 91

ልጅቷ ቴርሞሜትሩን ሁለት ጊዜ አየችው። ውሃው ይንተከተካል። እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ይመጣል። ቀዩ መስመር 91 ላይ ቆሟል። ትንሽ ጠበቀች። መስመሩ ወይ ፍንክች አለ። ደብተሯ ላይ «91» ብላ ጻፈች። አጠገቧ ያለው ልጅ በክርኑ ጎሸም አደረጋትና በጆሮዋ የሆነ ነገር አላት። ላጲሷን አወጣች። 91ን አጠፋችና «100» ብላ ጻፈች።

ይሄ የሆነው ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ነው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አያለሁ። የሠራሁትን የሳይንስ ማስተማሪያ ሶፍትዌር ልሞክር ነበር የሄድኩት። ልጅቷ 100ን ኮምፒውተሩ ላይ አስገባች። አረንጓዴ ኮከብ ብልጭ አለ። «ጎበዝ! ትክክል ነው!» የሚል ጽሑፍ መጣ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮከቧንም የሳልኩት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ያለው ቡድን ላጲስ አላወጣም። እንዳየው 91 ብሎ አስገባ። ቀይ ምልክት መጣበት። «ስህተት ነው፤ እንደገና ሞክሩ።» ልጆቹ ተያዩ። አንዱ «ገና አልፈላም ማለት ነው» አለና እሳቱን ጨመረው። ውሃው እየፈላ እየፈላ አለቀ። ቴርሞሜትሩ ግን 91 ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እንዲህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ይሳሳል። ውሃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በግምት ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር መፍያው አንድ ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 90 ወይም 91 ላይ ነው። ቴርሞሜትሩ እውነቱን ነው የተናገረው። ልጅቷም መጀመሪያ እውነቱን ጽፋ ነበር። እውነቱን የጻፈውን ቀጥቶ፣ የሰረዘውን የሸለመው የእኔ ሶፍትዌር ነው።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ፤ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ። ያኔ ቤተ ሙከራችን ስሙ ብቻ ነበር። ዕቃው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ተማሪው ሙከራውን ከሰሌዳ ላይ ይገለብጣል። «ዓላማ፣ ዕቃዎች፣ አሠራር፣ ውጤት» ይጽፋል። ውጤቱን ሳይሞክረው ያውቀዋል። ሶፍትዌር ልሥራ ያልኩት ይሄን ለመቀየር ነበር። ምን ያደርጋል፣ የመጀመሪያው ሥራዬ ያንኑ ሰሌዳ በቀለምና በድምፅ አሳምሮ መልሶ ያመጣ ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ ሶፍትዌሩ የያዘውን መዝገብ ከፈትኩ። እያንዳንዱን ክሊክ ከነሰዓቱ ይጽፋል። አንዱ ቡድን «ሀ»ን ነካ። ቀይ። ከሁለት ሰከንድ በኋላ «ለ»ን። ቀይ። ከዚያ «ሐ»ን። አረንጓዴ። ወደሚቀጥለው ጥያቄ። እዚያም ሀ፣ ለ፣ ሐ። ጥያቄውን አንብቦ ለመጨረስ ብቻ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋል። ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ያደረጉት በጣም ብልህ ነገር ነው። የሠራሁትን ማሽን አጥንተው፣ አረንጓዴው በአጭር መንገድ እንዴት እንደሚመጣ ደረሱበት። ምርምር አድርገዋል ማለት ይቻላል። የመረመሩት ግን ውሃን ሳይሆን የእኔን ሶፍትዌር ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብኩ። ተማሪን በሳይንሳዊ ምርምር መንገድ ይዞ የሚሄድ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚሠራ ሰዎች ለብዙ ዓመት ለፍተውበታል። በዘርፉ አንድ ቃል ደጋግሞ ይመጣል። እኛ ጋ እርብራብ የምንለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሦስት ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት ከእንጨት ቁርጥራጭ ፒራሚድ ሲሠሩ አንድ ትልቅ ሰው እንዴት እንደሚያግዛቸው አጠኑ። ለእገዛው የሰጡት ስም የግንበኛ እርብራብ ነው። ልጁ ብቻውን የማይችለውን በድጋፍ ይሠራል፤ እየቻለ ሲሄድ ድጋፉ እየተነሳ ይሄዳል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አሁን በየአቅጣጫው ግንባታ ነው። ከቤቴ መስኮት ፊት ለፊት ባለ አራት ፎቅ እየተሠራ ነበር። የባሕር ዛፍ አጣና በአጣና ላይ ታስሮ፣ ሠራተኞቹ እላዩ ላይ እንደ ድመት ይራመዳሉ። እርብራቡ ግድግዳ አይሠራም። ግንበኛው እጁ የማይደርስበት ቦታ እንዲደርስ ነው የሚያደርገው። ግድግዳው ሲያልቅ ምስማሩ ይነቀላል፣ አጣናው ይወርዳል፣ ለሌላ ቤት ይሄዳል። ሻይ ይዤ ስንት ጠዋት አየሁት! የእኔ ሶፍትዌር እርብራብ አልነበረም። ግድግዳውን ራሱ ሠርቶ ልጆቹን «ቀለም ቀቡ» የሚል ነበር።

ይሄ ሐሳብ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪ ቅኔ ሲማር ከመወድስ አይጀምርም። በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ከዚያ ቤቱ እየጨመረ፣ እየከበደ ይሄዳል። መወድስ ስምንት ቤት ነው። የኔታ መንገዱን ያሳያሉ። ከዚያ ተማሪው ለብቻው ዞር ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። መጥቶ ለየኔታ ይነግራል፤ እሳቸው ያርማሉ። ዛፉ ሥር ያለው ሰዓት ግን የልጁ ነው። እዚያ ማንም አይገባበትም። እኔ በሶፍትዌሬ ውስጥ ያጣሁት ያቺን የዛፍ ሥር ሰዓት ነበር።

ወደ ሌላው ጫፍ መሄድም አለ። «ልጁን ልቀቁት፣ ራሱ ፈልጎ ያግኝ» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሦስት ተመራማሪዎች ጀማሪን ያለ በቂ ድጋፍ መልቀቅ አያስተምርም ብለው ጠንከር ያለ ጽሑፍ አወጡ። በዓመቱ ሌሎች መለሱላቸው። ጥሩ የምርምር ትምህርት ልቅ አይደለም፣ ይልቁንም በድጋፍ የተሞላ ነው አሉ። ሁለቱንም ደጋግሜ አነበብኳቸው። ለእኔ ዋናው ጥያቄ የድጋፉ መብዛትና ማነስ አልሆነም። የቱ ጋ ልርዳ፣ የቱ ጋ ዝም ልበል የሚለው ነው። የምሠራው እያንዳንዱ ገጽ ላይ ይሄ ጥያቄ ይመጣል። እስካሁን ከብዶኝ ያለው እሱ ነው።

ሶፍትዌሩን ከሥር ከመሠረቱ አፈረስኩት። መጀመሪያ የጠፋችው ኮከቧ ናት። ሁለተኛ «ስህተት ነው» የሚለው ቀይ ጽሑፍ። በምትኩ አንድ ነገር ገባ። ተማሪው ከመሞከሩ በፊት ምን እንደሚሆን ይገምታል፣ ለምን እንደዚያ እንዳሰበ በሁለት መስመር ይጽፋል፣ ከዚያ ግምቱ ይቆለፋል። ውጤቱን ካየ በኋላ መቀየር አይችልም። ማርክ የለውም። ብቻ ተቆልፎ ይቀመጣል።

ይሄ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የገባኝ በባና ነው። ለማያውቅ፣ ባና ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ ከባና የሚበልጥ ወዳጅ የለም። ከሰፈር ሱቅ ፍሪጅ ሁለት እኩል የሆኑ የበረዶ ቁራጮች አመጣን። አንዱን ሳህን ላይ አስቀመጥን። ሌላውን በላስቲክ አድርገን በባና ጠቀለልነው። ጥያቄው የቱ ቶሎ ይቀልጣል የሚል ነው።

ከክፍሉ አብዛኛው «ባና ውስጥ ያለው» ብሎ ቆለፈ። አንዱ ልጅ ምክንያቱን ሲጽፍ ጮክ ብሎም ተናገረው። «ባና ይሞቃላ ቲቸር! እኛ ቤት እኮ ሁለት አለ።»

ጠበቅን። ሳህኑ ላይ ያለው ውሃ ሆነ። ባናውን ፈታነው። በረዶው አለ። ጠርዙ ትንሽ ክብ ብሏል እንጂ እንዳለ ነው።

ድሮ ቢሆን ይሄኔ ክፍሉ በሙሉ «እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት» ይላል። አይዋሹም፤ እውነት ይመስላቸዋል። መልሱን ስናይ የድሮውን ሐሳባችንን እንረሳዋለን። አሁን ግን የገዛ ቃላቸው ፊታቸው ላይ አለ። «ባና ስለሚያሞቅ በረዶውን ያቀልጠዋል።» በራሳቸው እጅ ነው የጻፉት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ደስ የሚል ጸጥታ ነው።

ከዚያ ያው ልጅ እጁን አወጣ። «ታዲያ ማታ ለምን ይሞቀኛል?»

መልሱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። መምህሩም ዋጡት፤ አየኋቸው። ሶፍትዌሩ ላይ «የኔ ጥያቄ» የምትል ባዶ ሳጥን አለች። ልጁ ጥያቄውን እዚያ ጻፈው። ሶፍትዌሩ የመለሰለት በጥያቄ ነው። «ይህን ለማወቅ ምን ልትለካ ትችላለህ?» ቴርሞሜትሩን ሰው በሌለበት ባና ጠቀለለ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ አየው። ከክፍሉ ሙቀት እኩል ነው። ከዚያ ባናውን ራሱ ለበሰና ቴርሞሜትሩን ብብቱ አጠገብ አደረገው። መስመሩ ሲወጣ ዓይኑ አብሮ ወጣ። «ሙቀቱ የኔው ነው!» አለ። ባናው ያለውን ሙቀት እንዳይወጣ፣ የውጭውም እንዳይገባ ይይዛል እንጂ የራሱ ሙቀት የለውም። ይሄን ዓረፍተ ነገር እኔ አልሰጠሁትም። ብሰጠው ኖሮ ደብተሩ ላይ ገልብጦት፣ ማታ ባናውን ለብሶ ይረሳው ነበር።

ሌሎቹ ለውጦች ቶሎ ይነገራሉ። ልጆች በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይቀይራሉ፤ ውሃውንም እሳቱንም። ሶፍትዌሩ አይከለክላቸውም። መደምደሚያ ሊጽፉ ሲሉ ሁለቱን ሙከራዎች ጎን ለጎን ያመጣና «በእነዚህ መካከል ስንት ነገር ተለወጠ?» ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይነቁበታል። መደምደሚያም ሲጽፉ ከራሳቸው ሰንጠረዥ ቢያንስ አንድ መስመር ጎትተው ከሥሩ ማስቀመጥ አለባቸው። ቁጥር የሌለው ሐሳብ አይዘጋም። በየሳምንቱ ድጋፉ ትንሽ ትንሽ ይነሳል። መጀመሪያ ሰንጠረዡን ሶፍትዌሩ ይሠራል፤ በሦስተኛው ሙከራ ርዕሱን ልጆቹ ይሰጡታል፤ በስድስተኛው ባዶ ገጽ ነው።

ስለ ቋንቋ ግን ትንሽ ልቆይ። መጀመሪያ «መላምትህን ጻፍ» የሚል ነበር ገጹ ላይ። ልጆቹ «መላምት ማለት…» ብለው ትርጉሙን ይጽፋሉ! ቃሉ የፈተና ቃል ሆኖባቸዋል። «ምን ይሆናል ትላለህ? ለምን?» ብዬ ቀየርኩት። ወዲያው የሚያስቡትን መጻፍ ጀመሩ። መላምት የሚለውን ቃል የሚያገኙት በኋላ ነው፤ ነገሩን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ «ይሄ ያደረጋችሁት መላምት ይባላል» ተብሎ። ከፍ ወዳለ ክፍል ሲወጡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ያየኸውን ነገር በማታስብበት ቋንቋ እንድትጽፍ ስትገደድ፣ ያየኸውን ትተህ የምትችለውን ዓረፍተ ነገር ትጽፋለህ። ስለዚህ የምልከታ ሳጥኑ ሁልጊዜ በአማርኛ ክፍት ነው። ፊደል መተየብ ለሚያዘገየው ድምፅ መቅጃ አለው። በድምፅ የመጡት ምልከታዎች ከተጻፉት በብዙ ይበልጣሉ። አንዷ ልጅ «መጀመሪያ ከታች ትንንሽ አረፋ ይነሳና ላዩ ሳይደርስ ይጠፋል» ብላ ቀድታለች። እኔ ሁለት ዓመት ሳስተምር ይሄን ያየ ተማሪ አላጋጠመኝም። ወይም ያየ ነበር፣ የሚናገርበት ቦታ ግን አልሰጠሁትም።

መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት የለም፤ ሁሉም ነገር ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል። አራት ልጅ ለአንድ ኮምፒውተር ነው። ማውስ የያዘው ልጅ በየአሥር ደቂቃው ይቀየራል፤ አለበለዚያ አንዱ ይነዳል፣ ሦስቱ ይሳፈራሉ። ይሄን ያህል ይበቃል።

ከሶፍትዌሩ ከሁሉም አብልጬ የምወደው መንዝ ውስጥ ስላለው ጓሳ የሚጠይቀውን ክፍል ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት አሜሪካ፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተሠራ አንድ ሶፍትዌር ነው። ተማሪዎቹ ስለ ጋላፓጎስ ወፎች ይመረምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 ከደሴቶቹ አንዷ በድርቅ ተመታች። ብዙ ወፎች አለቁ፤ ጥቂቶቹ ተረፉ። ለምን እነሱ ተረፉ? ሶፍትዌሩ ፒተርና ሮዝመሪ ግራንት የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ደሴቷ ላይ የሰበሰቡትን መረጃ ይሰጣል፤ ዝናቡን፣ ዘሩን፣ የወፎቹን ክብደት፣ የመንቁራቸውን መጠን። መልሱን አይሰጥም። ተማሪዎቹ ራሳቸው ፈልገው፣ የቀረውን ጠንካራ ዘር መስበር የቻሉት ባለ ትልልቅ መንቁሮቹ መሆናቸው ላይ ይደርሳሉ።

ይሄን ሳነብ መንዝ ትዝ አለኝ። እኛም እኮ ጓሳ አለን! ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሰፊ የሣር ምድር። የአካባቢው ሕዝብ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ የጠበቀው። ጭላዳ በመቶ እየሆነ ሣር ይግጥበታል። በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረው ቀይ ቀበሮ ይኖርበታል። ሁለቱ ደግሞ አንድ ላይ ይታያሉ። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል ቀስ ብሎ ይሄዳል። ግልገሎቻቸው አጠገቡ ናቸው፤ አይነካም። እነሱም አይሸሹም።

ገጹ የሚጀምረው በዚህ ትዕይንት ብቻ ነው። «ቀበሮው እዚያ ምን ይሠራል?» ልጆቹ ይገምታሉ፣ ይቆልፋሉ። «ከውሻ ለመደበቅ» ይላሉ። «ጓደኛ ስለሆኑ» ይላሉ። «ግልገል ለመስረቅ ቀን እየጠበቀ ነው» ይላሉ። ቤተሰቦቹ ከመንዝ የሆኑ አንድ ልጅ «አይጥ ሊይዝ ነው፤ አጎቴ ከብት ሲጠብቅ ያየዋል» አለ። ሶፍትዌሩ አላጨበጨበለትም። «ይሄ እውነት ከሆነ ምን ቆጥረን ማወቅ እንችላለን?» ብሎ ሁሉንም ጠየቀ። ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። በመጨረሻ አንድ ቡድን አመጣው። ቀበሮው ብቻውን ሲሆን ስንት ጊዜ ሞክሮ ስንት ጊዜ ያዘ? ከጭላዳ ጋር ሲሆንስ?

ከዚህ በኋላ ነው መረጃው የሚከፈተው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት መሠረት፣ ጓሳ ላይ ቀበሮው በጭላዳ መካከል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። ልጆቹ ቁጥሩን ሲያዩ የተሰማቸው እኔም ሳነበው የተሰማኝ ነው። ተመራማሪዎቹ የቆጠሩት፣ እነዚህ ልጆች «መቆጠር አለበት» ያሉትን ነገር ነው። እዚሁ፣ ከቤታቸው የአንድ ቀን መንገድ ላይ።

ለምን ይሳካለታል የሚለው ግን አልተቆረጠም። ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ከጉድጓድ እያስወጡለት ሊሆን ይችላል። ወይም በመንጋው ተሸፍኖ አይጦቹ ሳያዩት ሊቀርብ ይችላል። ገጹ እዚያ ያበቃል። ልጆቹ «መልሱስ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አልታወቀም» አልኳቸው። እንደዚያ ያለ ፊት ክፍል ውስጥ አይቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም የማያውቀው ነገር ቀርቦላቸው አያውቅም ነበር።

ወደ ውሃው ልመለስ።

አዲሱን ይዤ ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ያቺ ላጲስ ያወጣችው ልጅ አለች። አሁን የሁሉም ቡድን ንባብ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ይወጣል። 91፣ 90፣ 91፣ 91፣ 90። ከሥሩ «መጽሐፍ፦ 100» ይላል። ጥያቄው አጭር ነው። «ለምን ይለያያሉ?» ማንም ሰው ብቻውን አልተሳሳተም፤ ስለዚህ የሚሰርዝ የለም።

ሐሳቡ ጎረፈ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፤ እሳቱ ትንሽ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ስለሆነ ነው፤ ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱን ሞከሩት። ቴርሞሜትሩን የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከተቱት፤ ዜሮ አለ። ደህና ነው። እሳቱን በእጥፍ ጨመሩት፤ ያው 91። የታሸገ ውሃ ገዝተው አፈሉ፤ ያው። በርና መስኮት ዘግተው ክፍሉን አሞቁት፤ ያው። እርዳታ የሚለው ቁልፍ የሚከፈተው ሦስት ሐሳብ ከተሞከረ በኋላ ነው። አንዱ ቡድን ሊነካው እጁን ዘረጋ።

ልጅቷ «ቆይ» አለች። «አያቴ ሸዋ ሮቢት አክስቴ ጋ ስትወርድ ንፍሮ ቶሎ ይበስላል ትላለች። እዚህ ባቄላው እንጨት ነው የሚጨርሰው ትላለች።»

ንፍሮ! የአገራችን እናቶች በሙሉ የሚያውቁት፣ ደብተር ላይ ግን አንድም ቀን ያልተጻፈ መረጃ። ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን ዝቅ ያለች ስለሆነች ውሃው ይበልጥ ሞቆ ነው የሚፈላው፤ ባቄላውም ቶሎ ይበስላል። እኔ ራሴ እናቴ ይሄን ስትል እየሰማሁ አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የግፊትን ቀመር ተምሬ፣ ሁለቱን አንድ ቀን አላገናኘኋቸውም።

መምህሩ ሥጋት ነበራቸው። ዕረፍት ላይ ወደ ጎን ወሰዱኝና «ፈተና ላይ 100 ነው የሚባለው፤ ልጆቹ ግራ ይጋባሉ» አሉኝ። ተገቢ ሥጋት ነው። እሳቸው ናቸው በሰኔ ከልጆቹ ጋር የሚቀሩት፣ እኔ አይደለሁም። ተነጋገርንበትና አንድ መስመር ጨመርን። ልጆቹ በመጨረሻ «ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው የት ነው?» የሚለውን ራሳቸው ይመልሳሉ። «በባሕር ወለል ላይ» የሚለው ሐረግ ያኔ ትርጉም ያገኛል። ፈተናውንም ይመልሳሉ፣ ቴርሞሜትራቸውንም ያምናሉ።

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ቤተሰቦቻቸው ሸዋ ሮቢት ናቸው። ዓርብ ማታ ቴርሞሜትሩን በጨርቅ ጠቅልለው በሚኒባስ ይዘውት ወረዱ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። ልጆቹ ግምታቸውን ቆልፈዋል፤ ከ94 እስከ 97። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በቴሌግራም ፎቶ መጣ። የከሰል ምድጃ፣ ጥቁር ድስት፣ ቀይ መስመር። 96።

ሰኞ ሁለቱን ነጥቦች በመስመር አገናኙ። መስመሩን ወደ ታች አስረዘሙት። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ገደማ ደረሰ። አንዱ ቡድን በዚያ አላቆመም። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርደው ዳሎል ላይ አደረሰውና ከ100 በጥቂቱ እንደሚያልፍ ጻፈ። ልጅቷ ግን ወደ ላይ ነው ያስረዘመችው። ጣርማ በር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። «ከ90 በታች ይሆናል» ብላ ጻፈች። ምክንያቷን ሥሩ አስቀመጠች። ከሰንጠረዡ ሁለት መስመር ጎትታ አያያዘች። ቆለፈችው።

ባለፈው ቅዳሜ ከመምህሩና ከአራት ልጆች ጋር ወጣን። ጉሙ መንገዱን ዘግቶታል። ቡታጋዙን ሦስት ጊዜ አቀጣጠልነው፣ ነፋሱ ሦስት ጊዜ አጠፋው። ልጅቷ በነጠላዋ ልትከልለው ሞከረች። ውሃው ለብ ከማለት አላለፈም። ስንመለስ መኪና ውስጥ ሰንጠረዡን ከፍታ የጣርማ በርን መስመር አየችው። ባዶ ነው። መምህሩ «በግምት እንሙላው ይሆን?» ብለው ጠየቋት፤ ሆን ብለው ነው።

«አይ ቲቸር» አለች። «አላየነውማ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ባናውን ለነፋስ መከለያ ይዘን እንወጣለን።